አርባ አንደኛዋ አንባቢ

"በይ እንጂ ሬዲዮ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለች መምህርቷ፣ ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

ሬዲዮ መጽሐፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ገጹ ትክክለኛው ገጽ ነው፤ ምንባቡ ዛሬ የተጀመረ አዲስ ምንባብ ነው። ከንፈሯ ግን አልተላቀቀም፤ ጆሮዋ ብቻ ቲማቲም መስሏል።

ሬዲዮ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችላት ራሷ መምህርቷ ነበረች። ከሁለተኛ "ሀ" አርባ አንድ ልጆች መካከል እንደዚህች ልጅ የሚያነብ የለም። ድምጿ አይሰበርም፤ ነጠላ ሰረዝ ላይ ታርፋለች፣ አራት ነጥብ ላይ ትቆማለች፣ ዜና የምታቀርብ ነው የምትመስለው። ነገ ጠዋት ከትምህርት ቢሮ በሚመጡት እንግዶች ፊት እንድታነብ የተመረጠችውም እሷ ናት። አባቷ ሳይቀር ሊሰማት ከሥራው ፈቃድ ጠይቋል።

ዛሬ የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው። በተሰበረው መስኮት የገባ ዝናብ የመጨረሻውን ዴስክ ስላራሰው፣ ሬዲዮ ከጥግ ተነስታ በሩ አጠገብ ያለው የመጀመሪያ ዴስክ ላይ ተቀምጣለች። መምህርቷ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ንባብ የምታስጀምረው ከበሩ በኩል ነው። ለምን ቢሏት፣ በቃ፣ በሩ ይቀርባታል። ከዚያ ሁሉም በየተራ ያንኑ አንድ አንቀጽ ያነባሉ፤ የጥጓ ልጅ መጨረሻ ላይ ታነባለች፤ ይጨበጨብላታል፤ ደወል ይደወላል።

"ቲቸር" አለች ሬዲዮ በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ዛሬ ከመስኮቱ በኩል ቢጀመርስ?"

ልጆቹ ሳቁ። መምህርቷም መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ከመስኮቱ በኩል ከተጀመረ ሬዲዮ እንደ ወትሮዋ መጨረሻ ትሆናለች።

"ተቀመጪ" አለቻት። "ቀጣይ።"

ቀጣዩ አነበበ፤ ከሱ ቀጥላ ያለችውም አነበበች፣ አንዱ እየተንተባተበ፣ ሌላው እየሮጠ። መምህርቷ ግን ጆሮዋን ለእነሱ ሰጥታ ዐይኗን ሬዲዮ ላይ ተከለች። ልጅቷ መጽሐፉን አታይም። የምታየው የሚያነበውን ልጅ አፍ ነው። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ይከተላል። አሥራ አምስተኛው ልጅ ሲጨርስ ፊቷ በራና እጇን አወጣች።

"አሁን ላንብብ?"

"አንብቢ። ጣትሽን ግን የምታነቢው ቃል ላይ አድርጊ።"

ሬዲዮ አንድም ሳትስት አነበበች። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ስትጀምር ጣቷ ከአንቀጹ ወጥቶ ሥዕሉ ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ መምህርቷ አላጨበጨበችም።

በአራት ሰዓት የእረፍት ደወል ሲደወል ሌሎቹ እየተጋፉ ወጡ፤ ሬዲዮን አስቀረቻት። መጽሐፉን ገና ወዳልተማሩት ገጽ ገለጠች። ገጹ ላይ ብስክሌት የያዘ ልጅ ተስሏል። ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍ የሚያወራው መንገድ ሲሻገሩ ግራና ቀኝ ማየት እንደሚያስፈልግ ነው።

"እስቲ ይህን አንብቢልኝ።"

ሬዲዮ ጉሮሮዋን ጠረገች። "አንድ ልጅ ብስክሌት ነበረው። ብስክሌቱ ቀይ፣ ትልቅ፣ ቆንጆ ነበር። አንድ ቀን ልጁ ወደቀ።" ነጠላ ሰረዙ ላይ ሳይቀር አርፋለች።

ሌላ ቀን ቢሆን መምህርቷ በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን ግን ከልጅቷ ጎን ዴስኩ ላይ ተቀመጠችና ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያሳየች ጠየቀቻት። ሬዲዮ በደንብ የምታውቃቸው አሥራ አንድ ፊደላት ብቻ ናቸው። ዓመቱ ከተጀመረ አራተኛ ወሩ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?"

ሬዲዮ የዴስኩን ጠርዝ በጥፍሯ እየፋቀች ቆየች። "የማያነብ ጥጉ ክፍል ይገባል ብለዋል።"

ብላለች። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ልጆቹ በተንጫጩ ቁጥር ብላለች። ጣቷን ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ እየቀሰረች፣ "የማያነብ ጥጉ ክፍል ነው የምልከው!" ስትል ክፍሉ ጸጥ ይልላት ነበር። ጥጉ ክፍል የድጋፍ ክፍል ነው። ንባብ ላይ ወደ ኋላ የቀሩ የታችኛው ክፍል ልጆች ገና ሳይርቁ እንዲያዙ ተብሎ ዘንድሮ የተከፈተ፣ አዲስ ጠረጴዛና በሥዕል የተሞላ ግድግዳ ያለው፣ በትምህርት ቤቱ ከሚገኙት ሁሉ የሚያምረው ክፍል። መምህርቷ እስር ቤት አድርጋዋለች። በራሷ አፈረች።

"ለአባቴ አይንገሩብኝ" አለች ሬዲዮ።

ሌላም ጉድ ነበር፤ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወደ ድጋፍ ክፍሉ የሚገቡትን ለመለየት ትምህርት ቢሮው ለየአስተማሪው በፖስታ የታሸገ ምንባብ ልኮ ነበር። መመሪያው ግልጽ ነው፦ ልጆቹ አንድ በአንድ፣ ከክፍል ውጪ፣ አይተውት በማያውቁት ምንባብ፣ ለአንድ ደቂቃ። መምህርቷ ከሁለት ሳምንት በፊት የፈተነቻቸው ግን ከመማሪያ መጽሐፉ፣ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እየሰሙ፣ ከበሩ በኩል ጀምራ ነው። ልጆቹ እንዳይደናገጡ ብዬ ነው ስትል ራሷን አሳምናለች። እውነቱን ለመናገር ውጤቱ እንዲያምርላትም ፈልጋ ነበር፤ ለመሪ መምህርነት ከታጩት ሁለት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ሬዲዮ አርባ አንደኛ ሆና አነበበችና በደቂቃ ስልሳ አራት ቃል ተመዘገበላት፤ ከክፍሉ አንደኛ። ለየክፍሉ አራት የድጋፍ ወንበር ሲሰጥ መምህርቷ ሦስት ልጆች ብቻ አስገብታ አራተኛው መስመር ላይ ሰረዝ አድርጋለች፤ እሱም እንደ ኩራት ሆኗት ነበር። ፖስታው እንደታሸገ መሳቢያ ውስጥ ነው። የስም ዝርዝሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይላካል፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ወንበር የለም፣ እስከሚቀጥለው ዓመት።

ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ውስጥ የነገውን የእንግዳ አቀባበል ፕሮግራም እያረሙ ነበር። ስለ ሬዲዮ ስትነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ።

"ነገ የምታነበው ልጅ?"

"አዎ።"

"ጥሩ ቀን መርጠሽ ነገርሽኝ።" መነጽሩን መልሰው አደረጉት። "በይ፣ አራተኛው ወንበር ባዶ አይደል? ጨምሪያትና ገላግይኝ።"

"ስልሳ አራት ቃል ብዬ ፈርሜባታለሁ እኮ። ቅጹ ላይ የለውጥ ምክንያት የሚል ቦታ አለ፣ ምን ብዬ ልሙላው?"

"ታማ ነበር በያ። ከሕመሙ በኋላ ንባቧ ወረደ። ማን ይጠይቅሻል?"

"ዳይሬክተር፣ በታሸገው ምንባብ አልፈተንኳቸውም።"

ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ተነስተው በሩን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ።

"ይህን አልሰማሁም" አሉ። "ስሚ፣ ይቺን ልጅ ልትረጃት ነው የምትፈልጊው አይደል? ሕመም ብለሽ ጻፊ፣ አባቷን አስፈርሚ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት አምጪልኝ። ልጅቷ ወንበሯን አገኘች፣ አንቺም ስምሽን፣ እኔም እንግዶቼን። የወላጅ ፊርማ ከሌለ ግን ቢሮው አይቀበልም፤ እሱን እኔ ላደርገው አልችልም።"

መምህርቷ ቅጹን እዚያው ጠረጴዛቸው ጫፍ ላይ ሞላችው። "በሕመም ምክንያት" ብላ ስትጽፍ አላመነታችም፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ከእረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ስለሆነ እስከ አምስት ሰዓት ነፃ ነበረች። አባትየው ሴራሚክ ያነጥፋል። ያገኘችው ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ፣ ገና ባላለቀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ነው። ሲያያት የጎማ መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

"ልጄ ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም፣ ደህና ናት። ስፖርት ላይ ናት። አይደንግጡ፣ ወንድሜ።"

"አስተማሪ እዚህ ድረስ መጥቶ አይደንግጡ ይባላል?" አለ፣ ግን ትንሽ ፈገግ ብሎ የሴራሚክ ካርቶን አገላብጦ መቀመጫ አደረገላት።

አልተቀመጠችም። ቆማ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፦ ሬዲዮ አታነብም፤ በጆሮዋ ይዛ ነው የምትለው፤ የድጋፍ ክፍል ትግባ፤ ዛሬ ይፈረም። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

"ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስተው ምን ነበር ያሉት?" አለ።

"ከሁሉም አንደኛ ብያለሁ።"

"ብለዋል። እኔ ደግሞ እዚህ ያለውን ሰው ሁሉ በወሬ አደነቆርኩት። ፎርማኑ እንኳ ‘የጋዜጠኛዋ አባት’ ነው የሚለኝ። ታዲያ የቷን መምህርት ልመን? የስብሰባዋን ወይስ የዛሬዋን?"

"የዛሬዋን" አለች፣ ዐይኑን ማየት እያቃታት።

"እኔ ስማር ‘ዘገምተኞች’ የሚባል ረድፍ ነበር፤ ከኋላ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ። እዚያ ረድፍ ገብቶ የተመለሰ አላየሁም። እኔም አራተኛ ክፍል ላይ ትቼው ወጣሁ። አሁን ልጄን እዚያ ላስገባት ፈርም ነው የሚሉኝ?"

"ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። በቀን አንድ ሰዓት ነው፤ ስምንት ልጅ፣ አንድ አስተማሪ። የቀረውን ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር ክፍሏ ውስጥ ናት። ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ እሱን አልዋሸሁም። በጆሮዋ ብቻ አንድ ገጽ የምትይዝ ልጅ ፊደል አያቅታትም፤ ያስተማራት ሰው ነው ያጣችው። አሁን ከተያዘች በዓመቱ ትደርስባቸዋለች። አራተኛ ክፍል ስትገባ ግን ምንባቡ ይረዝማል፣ በጆሮ አይያዝም። ያኔ ማንም አይደርስላትም።"

አራተኛ ክፍል የሚለው ሳያስበው ነካው። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከላይ ፎቅ ብረት የሚቆርጥ ማሽን ይጮኻል። ጩኸቱ እስኪያልፍ ጠበቀና፣ ለሷ ሳይሆን ለራሱ የሚያወራ ይመስል ጀመረ።

"ባለፈው ሳምንት በራችን ላይ ማስታወቂያ ለጥፈው ነበር። እጄ ስሚንቶ ነበረ፣ ደክሞኛልም። ልጄን፣ ‘እማ፣ እስቲ አንብቢልኝ’ አልኳት። ‘ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው ይላል’ አለችኝ፣ በዚያ በዜና ድምጿ። ለካ ውሃ እንደሚቋረጥ ነው። ሁለት ቀን ደረቅን። እኔማ አሮጌ ማስታወቂያ ነው ያነበበችልኝ ብዬ..." ሳቅ መሰለ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ያኔ ምን ያህል ፈርታ ይሆን?"

መምህርቷ ቅጹን አወጣች።

"ያምጡት" አለ አባትየው።

ቅጹን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ተቀበላት። ወዲያው ግን አልፈረመም። በወፍራም ጣቱ እየተከተለ፣ ቃል በቃል፣ አነበበው። ጣቱ ከቃሉ አልቀደመም።

"በ... ሕመም... ምክንያት።" ቀና አለ። "ልጄ መቼ ታመመች?"

ለመዋሸት አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ጉንፋን ነገር፣ ልትል ትችል ነበር። አላለችም። ካርቶኑ ላይ ተቀመጠችና ስለ ፖስታው፣ ከበሩ በኩል ስለ መጀመሯ፣ ስለ ጥጉ ክፍል ማስፈራሪያዋ ሁሉንም ነገረችው። አባትየው አላቋረጣትም። ስትጨርስ የጠየቃት ግን ያልጠበቀችውን ነው።

"ከልጄ ጎን የምትቀመጠዋ ሴት ልጅ ስንት ጊዜ ሰማች?"

መምህርቷ አሰበች። "ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ።"

"እሷስ ታነባለች?"

"አላውቅም" አለች። በእርግጥ አታውቅም። ከአርባ አንዱ ስንቱ እንደሚያነብ አታውቅም።

አባትየው ወለሉ ላይ ወደተወጠረው ክር አመለከተ። ከሥሩ የተነጠፉት ሴራሚኮች ስሚንቷቸው ገና አልደረቀም። "ይህን ጠዋት ነው የሠራሁት። የመጀመሪያዋን አጣምሜያታለሁ። አሁን የመጨረሻዋን ብቻ ባነሳ ማንም አያውቅብኝም፣ የመገጣጠሚያው ሙሌት ይሸፍነዋል። እኔ ግን መስመሩን በሙሉ ላነሳው ነበር እርስዎ ሲመጡ።" ቅጹን መለሰላት። "ልጄ ታመመች በሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም። የሆነውን ይጻፉበት፣ እፈርማለሁ።"

እውነቱን ከጻፈች መሪ መምህርነቱ እንደሚቀር ታውቃለች። የባሰው ግን እሱ አይደለም። የተበላሸ ፈተና ሲሰረዝ የአርባ አንዱም ነው የሚሰረዘው፤ የሬዲዮ ወንበር ብቻ ሳይሆን የሦስቱ ልጆችም ሊቀር ይችላል። ሰዓቷን አየች፤ ለአምስት ሩብ ጉዳይ። "በሕመም ምክንያት" የሚለውን ሰርዛ ከላዩ ጻፈች፦ "ፈተናው የተሰጠው ከመመሪያው ውጪ ነው። ስህተቱ የልጅቷ ሳይሆን የእኔ የመምህርቷ ነው።"

አባትየው ፈረመ። የአውራ ጣቱ አሻራ በግራጫ ስሚንቶ ወረቀቱ ጥግ ላይ ቀረ።

"ነገ ልምጣ ወይስ ልቅር?" አላት በሩ ላይ ስትደርስ።

"ይምጡ።"

"ታነባለች?"

"አታነብም። ግን ይምጡ።"

ርዕሰ መምህሩ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሦስተኛ ጊዜ ሊያነቡት ጀምረው ተዉት።

"አንቺ ሴት፣ ምን እያደረግሽኝ ነው? ሁሉም ነገር አልቆ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲህ ሦስቱም ልጆች ከዝርዝሩ ወጡ ማለት ነው። የተሰረዘ ፈተና ይዤ ልጅ ላስገባ አልችልም። ስድስት ሰዓት ላይ በታሸገው ምንባብ የተፈተነ ውጤት ጠረጴዛዬ ላይ ካለ እልካለሁ። ከሌለ አራቱም ወንበር ለሁለተኛ ‘ለ’ ይሰጣል፤ እነሱ ሰባት ልጅ ነው የጠየቁት።"

"አርባ አንድ ደቂቃ ይበቃኛል።"

"ግቢ፣ ውጪ፣ ተቀመጪ፣ ተነሺ ሲባል ሃምሳ ይሆናል። ስለ ሹመቱ ደግሞ..."

"እሱን ይተዉት፣ ዳይሬክተር።"

"እኔ ምን እተወዋለሁ፣ ራሱ ይሄዳል" አሉ፤ ከዚያ ግን ቅጹን አልቀደዱትም፣ የወረቀት ትሪያቸው ላይ አኖሩት። "ሂጂ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ? አምስት ከአምስት ሆኗል።"

ልጆቹ ከስፖርት እያለከለኩ ሲመለሱ ሬዲዮን ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻት።

"ለአባቴ ነገሩት?" አለች ሬዲዮ ወዲያው፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ነገርኩት። አልተቆጣም። የውሃውን ማስታወቂያ አስታወሰ።"

ሬዲዮ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ስሚኝ" አለች መምህርቷ፣ ቁመቷ እስኪስተካከል ዝቅ ብላ። "ጥጉ ክፍል ቅጣት ነው ብያችሁ ነበር። ዋሽቼ ነው። እዚያ ፊደል ነው የሚያስተምሩት፣ ቀስ ብለው። አሁን አዲስ ምንባብ እሰጥሻለሁ። የማታውቂውን ዝለይው። ሁለት ቃል ብታነቢ ሁለት ነው፤ ዜሮም ቢሆን ዜሮ። ጆሮሽን ሳይሆን ዐይንሽን ነው የምፈልገው። ገባሽ?"

ሬዲዮ ራሷን ነቀነቀች። ገብቷት ይሁን ለመገላገል ብላ ለማወቅ አይቻልም፤ ይህችን ልጅ ገባኝ ስትላት ስንቴ አምናታለች።

መምህርቷ ሁለት ወንበር ወደ ኮሪደሩ አወጣች። የክፍሉን ተማሪ አለቃ ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቆመች፤ ለሌሎቹ እንዲስሉ ወረቀት አደለቻቸው፤ እንዳይረብሹም ዐይኗ እንዲያያቸው በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ተወችው። ፖስታውን ቀደደች፤ ውስጡ ሁለት ገጽ ነበር፣ በየገጹ የተለያየ ምንባብ። የስልኳን ሰዓት ቆጣሪ አዘጋጀች። አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት።

"ከየት ነው የሚጀመረው ቲቸር?" አለ አንዱ ከውስጥ።

"ከበሩ በኩል" አለች፣ ሳታስበው። "በረኛው፣ አንተ ና።"

በረኛው የመጀመሪያው ዴስክ ላይ፣ ከሬዲዮ ጎን የሚቀመጥ፣ ኳስ እንጂ ሌላ ነገር ቀስ ብሎ መያዝ የማያውቅ ልጅ ነው። እየዘለለ ወጣና ወንበሩ ላይ ተገተረ። ወረቀቱን ሰጠችው። ቆጣሪውን ነካች። በረኛው እንደ ልማዱ ሰፈር በሚያሰማ ድምፅ ጀመረ፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ሁለተኛውን ያዘ።

ከውስጥ ዴስክ ሲንቋቋ ሰማች። ቀና ስትል ሬዲዮ በሩ ላይ ቆማለች፤ አንድ እጇ መያዣው ላይ ነው።

"ቲቸር፣ በሩ ይዘጋ?"

"ተይው፣ እናንተን ማየት አለብኝ። ተራሽ ሲደርስ እጠራሻለሁ፤ ግቢ።"

ሬዲዮ አልገባችም። በረኛውን አየችው፣ ከዚያ መምህርቷን።

"ክፍት ከሆነ እኮ ይሰማኛል" አለች።

መምህርቷ ልጅቷን አየቻት። ሰከንዶቹ ስልኩ ላይ ይሮጣሉ፤ በረኛው አቁሞ ሁለቱን በየተራ ያያል። ዛሬም፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ያንኑ ልታደርግ ነበር።

"ዝጊው" አለቻት።

ሬዲዮ ከውስጥ ሆና በሩን በሁለት እጇ ጎተተችው፤ ቁልፉ ቀጭ እስኪል ድረስ። መምህርቷ የታሸገውን ምንባብ ከበረኛው እጅ ወስዳ ከሥሩ ያለውን፣ ገና ያልተነበበውን ሁለተኛውን ገጽ ሰጠችው፤ ያለፈውን ጊዜ ከስልኩ ላይ አጠፋችው።

"ከመጀመሪያው" አለችው። "ቀስ ብለህ።"